ጃጃ ሙኪቢ ዓይናቸው ደህና ነው

ማይኩ ይሰማል? ዋስዋ፣ ይሰማል? ትንሽ ቀንሰዋ፣ ትንፋሼ ራሱ እየተሰማ ነው፣ ሰው ምን ይላል።

እሺ። ሐጂ፣ እንደምን ዋሉ። እማማ ናምቢ፣ እንኳን መጡ። የጋባ ሰዎች፣ ዓሣ አጥማጆቹም፣ ከገበያው የመጣችሁትም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ ናንቱሜ ነኝ፣ በዚህ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ትኬት የምቆርጠው። ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ፣ ቆሜ ስናገር ግን አይታችሁኝ አታውቁም፣ እኔም ራሴን አይቼ አላውቅም። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፣ ስለዚህ የጻፍኩት ነገር የለም፣ እንደመጣልኝ ነው የምናገረው፣ ከተደናበርኩ ዝም ብላችሁ ጠብቁኝ።

ፈርቻለሁ።  የምፈራው ግን ንግግሩን ብቻ አይደለም። ጃጃ ሙኪቢ፣ የሁላችን አያት፣ ለምን ጡረታ እንደሚወጡ ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ በፋሲካው ጉዳይ ነው፣ «ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል» ተብሎ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ የጃጃን ደብተርና ሰዓት እኔ እንድረከብ ሐጂ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ወስነዋል። እና ስለ ፋሲካው እኔ የማውቀው ነገር አለ። ዛሬ እናገረዋለሁ። ከተናገርኩት በኋላ ሰኞ ደብተሩን ላይሰጡኝ ይችላሉ፣ የትኬቱንም ሥራ ሊቀሙኝ ይችላሉ፣ አውቃለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አድሬያለሁ።

አሁን ግን አልናገረውም። አሁን ከጀመርኩት የሚስቅ ሰው አይኖርም፣ ጃጃን ደግሞ አስቅዎታለሁ ብያቸዋለሁ። እሳቸው ያስተማሩኝ እንዲህ ነው፣ የሚመጣውን አስቀድመሽ ንገሪ፣ መቼ እንደሚመጣ ንገሪ፣ ታሪኩን ግን አትጨርሺባቸው። ስለዚህ ስሙኝ፣ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ ሳቅ አለ፣ ብዙ ጊዜ። ስድብ አለ፣ ቀላል፣ አብዛኛው ዋስዋ ላይ ነው። ለቅሶ ሊኖር ይችላል፣ አንድ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻው። እማማ ናምቢ፣ እሱ እርስዎን ይነካል። እዚያ ጋ ስደርስ እጄን አነሳለሁ፣ መውጣት ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው፣ ማንም ዞሮ አያይዎትም።

ይኸው ተናገርኩ። አሁን ትንሽ ተነፈስኩ።

ጃጃ እዚህ ቪዲዮ ቤት የመጡ ቀን እኔ አልተወለድኩም፣ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው፣ ሐጂ ናቸው የነገሩኝ። ጃጃ ያኔ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ አሉ። አንድ ቀን ሰባት ልጆች ከክፍል ጠፉ። ርዕሰ መምህሩ «ሙኪቢ፣ ሂድና ለቅመህ አምጣቸው» አሏቸው። የት እንዳሉ ማን ይጠይቃል፣ እዚህ ናቸው። ጃጃ አርጩሜ ይዘው መጡ። ሐጂ በር ላይ «ትኬት!» ቢሏቸው «እኔ ፊልም ላይ አልመጣሁም፣ ልጅ ልለቅም ነው» ብለው ገፋ አድርገዋቸው ገቡ።

ገቡ። አስር ደቂቃ፣ የሉም። ሃያ ደቂቃ፣ የሉም። ልጆቹ አርጩሜውን ሲያዩ በጓሮ በኩል አንድ በአንድ ሾልከው ወጡ፣ ሰባቱም፣ ሮጠው ክፍላቸው ገቡ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ጃጃ የሉም! ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ርዕሰ መምህሩ ከሰባቱ ትልቁን ልጅ ጠርተው «ሂድና ሙኪቢን ለቅመህ አምጣልኝ» ብለው ላኩት።

ይስቃሉ ጃጃ! አያችኋቸው? ውሸት ከሆነ ይናገሩ!

ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ሆነው ነው የወጡት። አርጩሜዋን ሐጂ ላይ ቀስረው «አንተ ሰውዬ፣ እዚያ መሃሉ ላይ የሰው አንገት ይቆረጣል፣ ለምን አልነገርከኝም? ምሳዬን በልቼ እኮ ነው የመጣሁት!»

ሐጂ «እኔ መች አየሁትና! እኔ በር ላይ ነኝ።»

«ታዲያ ማን ነው አይቶ ለሰው የሚናገረው?»

«ማንም።»

«ማንም የለም ማለት ጥሩ አይደለም» አሉ ጃጃ። በማግስቱ ጠዋት ደብተርና እርሳስ ይዘው፣ የግድግዳ ሰዓት በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በር ላይ ቆመው ተገኙ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልቀጠራቸውም። ሐጂ፣ ልክ ነኝ? «አሁንም አልቀጠርኩትም» ነው የሚሉት፣ ሰማችሁ? እንግዲህ ሳይቀጠር ጡረታ የወጣ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ያው እዚያ ተቀምጠዋል፣ ቡኒ ኮት የለበሱት።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት። አዲስ ፊልም በመጣ ቁጥር ጠዋት ብቻቸውን ገብተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዩታል። ከሰዓት ሰው ሲሞላ ስክሪኑ ፊት ይቆሙና ደብተሩን ገልጠው ያነባሉ። ድምፃቸውን ላስመስለው፣ ይቅር በሉኝ ጃጃ።

«ደም፣ ሦስት ጊዜ። ሁለቱ ትንሽ ነው፣ አንዱ ግድግዳ ይደርሳል። እርቃን፣ አንድ ጊዜ፣ በጀርባ በኩል። ልጆች በሠላሳኛው ደቂቃ ወደ ማንጎው ዛፍ ትሄዳላችሁ፣ ስጠራችሁ ትመለሳላችሁ፣ ቆጥሬያችኋለሁ። ውሻ ይሞታል።»

ያ ውሻ! ሁልጊዜ ከኋላ አንዱ ይነሳል፣ «ኧረ ጃጃ፣ መቶ ሰው በሚያልቅበት ፊልም ስለ ውሻ ይነግሩናል?»

«ሰዎቹ ጠመንጃ ይዘዋል» ይላሉ ጃጃ። «ውሻው ምንም አልያዘም።»

ያንን የሚሉት ሳይስቁ ነው። 

ካሶዚስ? ካሶዚ የታለ? እዚያ ጥግ ተደብቀሃል፣ እንዳትወጣ! ሥጋ ሻጩ ካሶዚ፣ በቀን አራት ፍየል የሚያርደው፣ ይሄን የሚያህል ክንድ ያለው፣ ጃጃ «ደም» ሲሉ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። «ሱቁን ልይ ብዬ ነው» ይላል። ልጆቹ ማንጎው ሥር ሲሰበሰቡ ካሶዚ መሃላቸው ቆሞ ነው የሚገኘው። ጃጃ ሲቆጥሩ «አስራ አራት ልጅ፣ እና ካሶዚ» ብለው ነው የሚያስገቡት። አንድ ቀን «ጃጃ፣ ፍየሉን ሳርድ ምንም አይመስለኝም፣ ይሄኛው ለምንድነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ፍየሉ ስሙን አልነገረህም፣ ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራህ ነው የቆየው» አሉት። ካሶዚ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳያፍር ነው የሚወጣው።

የአማቶቹን ነገር ካላነሳሁ ደግሞ ትቆጡኛላችሁ። እንግዲህ እኛ ጋ አማችና አማት እንኳን አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ፣ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ወደ ቁጥቋጦ ይገባል። እና ጃጃ መሳሳም ያለበት ፊልም ሲሆን ሁሉን ካነበቡ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አማትና አማች አብራችሁ ያላችሁ፣ አሁኑኑ ተለያዩ!» ይላሉ። ቤቱ እንዴት እንደሚታመስ! እከሌ የእከሌ ልጅ ባል መሆኑ ያን ቀን ነው የሚታወቀው።

ጀልባ ቀዛፊው ሉዋንጋ አንድ ቀን ዘግይቶ ገባ፣ ማስጠንቀቂያውን አልሰማም። ተቀመጠ። መሳሳሙ ሲጀምር ዞር ቢል አማቱ ልክ ከጀርባው! ምን ያድርግ፣ አግዳሚው ሥር ገባ። ሙሉ ሰውዬ! እዚያው ቆየ። ጃጃ በእጅ ባትሪ ሲዞሩ አገኙት።

«ሉዋንጋ፣ ምን ትሠራለህ?»

«ጃጃ፣ አሁንም እየተሳሳሙ ነው?»

«አይ፣ አሁን በገጀራ እየተራረዱ ነው።»

«ተመስገን!» ብሎ ወጣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ከአማቱ ፊት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አየ።

አይዟችሁ፣ ሳቁ፣ እኔም እየቀለለኝ ነው።

ጃጃ ስህተት የማያውቁ ሰው ናቸው እያልኩ አይደለም። የጄኔሬተሩን ቀን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ደጅ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ አንድ ጊዜ ሲመቱት ዓይናችንን እንሸፍናለን፣ ሁለት ጊዜ ሲመቱት እንገልጣለን፣ ሕጉ ይሄው ነው። ያን ቀን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ፣ ማጫወቻው እስኪበራ፣ ፊልሙ ከየት እንደሚቀጥል እስኪፈለግ፣ የጃጃ ሰዓት አንገታቸው ላይ ዝም ብሎ ይሄዳል። እሳቸውም በሰዓታቸው ቸርኬውን አንድ ጊዜ ጓ! አደረጉት። ሦስት መቶ ሰው ዓይኑን ሸፈነ። ስክሪኑ ላይ ምንድነው? ሠርግ! ሙሽራዋ ኬክ እየቆረሰች ነው! እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ከኬክ ይከላከላሉ! ከዚያ ጓ! ጓ! ገለጥን። ጭንቅላት እየተንከባለለ መጣ።

ካሶዚ ወደቀ። ቀዝቃዛ ውሃ ነው ያስነሳው።

ጃጃ ወደ ፊት ወጥተው «ዛሬ ሠርግ ሸፍኜ ሬሳ ገለጥኩላችሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት ሲጠፋ ሰዓታቸውን ያቆማሉ፣ መብራት ሲመጣ ፊልሙ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስንት ፊልም አለ እኛ መጀመሪያውን አራቴ አይተን መጨረሻውን ያላየነው!

ዋስዋ፣ አሁን ወዳንተ መጣሁ። ወንድሜ ዋስዋ ማይክ ይዞ ፊልሙን ለእኛ በቋንቋችን የሚተረጉምልን ነው፣ እንደሱ ያለ አፍ የለም፣ ግን ዓይናፋር ነው። ባልና ሚስት አልጋ ላይ ሲሆኑ «እናትሽ እንዴት ናቸው? ደህና ናቸው። የማቶኬው ሙዝ ዘንድሮ እንዴት ነው? በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ይተረጉማል። ሰውዬው ሸሚዙን እያወለቀ እኮ ነው! ጃጃ ከበሩ ይጮሃሉ፣ «ዋስዋ፣ አትዋሽ! እርቃን አንድ ጊዜ ብያለሁ፣ መሄድ የፈለገ ሄዷል፣ የቀረው አስቦበት ነው የቀረው! ስለ ማቶኬ ሊሰማ አይደለም!»

ይሄንን ስቄ ነበር የማልፈው። አሁን ሳስበው ግን ትልቅ ነገር ነው። ጃጃ ፊልም ቆርጠው አያውቁም። «ይሄን አታዩም» ብለው ለትልቅ ሰው ተናግረው አያውቁም። ቄሱ አንዴ መጥተው «ለምን መጥፎውን አታስቀሩትም?» ሲሏቸው «አባ፣ መጥፎው ምን እንደሆነ ለእያንዳንዱ ሰው አላውቅም። የት ጋ እንዳለ ግን አውቃለሁ፣ እሱን እነግረዋለሁ፣ መቀመጥና መነሳት የራሱ ነው» አሏቸው።

እኔ ወደዚህ ስመጣ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አክስቴ ጋ ነበር የመጣሁት፣ ሐጂ ትኬት እንድቆርጥ አስቀመጡኝ። ያን ጊዜ በር ሲገጭ እዘላለሁ፣ ሰው ከኋላዬ ሲመጣ እዘላለሁ። ለምን እንደሆነ ጃጃ አንድ ቀንም አልጠየቁኝም። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ከበስተጀርባዬ ከመምጣታቸው በፊት ከሩቅ ሳል ሳል ማለት ጀመሩ። «ናንቱሜ፣ እየመጣሁ ነው» ይላሉ። ሐጂ ተቆጥተው ሲመጡ ቀድመው መጥተው «ጩኸት አለ፣ አንድ ጊዜ፣ አጭር ነው፣ ያልፋል» ይሉኛል። ልክ በሰዓቱ ያልፋል። ሰዓት ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ባለው ሰዓት። በዚህ ሰፈር ስንት ሰው አለ፣ ሊመጣብኝ ያለውን ከመምጣቱ በፊት የነገረኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

እሺ።

እጄን አነሳሁ። እማማ ናምቢ፣ ይኸው እጄ። እዚህ ጋ ነው።

አይወጡም? እሺ። እሺ እማማ።

ጃጃ፣ አይ፣ እባክዎ አይነሱ። ይቀመጡ። አውቃለሁ አትናገሪ ብለውኛል። እናገራለሁ።

እማማ ናምቢ በራችን ላይ የቻፓቲ ቂጣ ሲጠብሱ ስንት ዓመታቸው ነው። ልጃቸውን ሐይቁ እንደወሰደባቸው የማያውቅ የለም። ለዚህ ነው ጃጃ ሁልጊዜ ደሙንም እርቃኑንም ካነበቡ በኋላ፣ ደብተሩን ዘግተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ውሃ የለም» የሚሉት። ወይም «ውሃ አለ»። ለማን እንደሚሉት ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን ዞሮ አያይም። ውሃ የለም ሲሉ እማማ ናምቢ ሽርጣቸውን ፈትተው ይገባሉ። ውሃ አለ ሲሉ ወደ ምድጃቸው ይመለሳሉ።

የስቅለት ዕለት ጃጃ እህታቸው ሞተው ማሳካ ለቀብር ሄዱ። ሲሄዱ ደብተሩን ሰጡኝ። «የፋሲካውን ፊልም ቅዳሜ ጠዋት አንቺ እይው፣ ተምረሻል» አሉኝ። እኔ ነኝ ያየሁት። ሰማችሁ? ጃጃ ያንን ፊልም አላዩትም። እኔ ነኝ።

ብቻዬን ገባሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። ደስ የሚል ፊልም ነው፣ ቤተሰብ ነው፣ ሐይቅ ዳር ነው፣ ይጫወታሉ፣ ይረጫጫሉ። ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ትንሹ ልጅ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆመ። አባትየው ጀርባውን ሰጥቷል። ምን እንደሚመጣ ገባኝ፣ ወዲያው ገባኝ፣ እና ቀሚሴን ስቤ ፊቴን ሸፈንኩ። ጆሮዬንም ደፈንኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስገልጥ ሰዎቹ ማዕድ ቀርበዋል። እህ፣ ወጥቷል አልኩ። አውጥተውት መሆን አለበት አልኩ። ልጁ ማዕዱ ላይ ይኑር አይኑር እንኳን አላየሁም። ወደ ኋላ መልሼ ማየት ነበረብኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ።

እሁድ ጃጃ ከመኪና ወርደው ቀጥታ እዚህ መጡ፣ አፈሩ ከጫማቸው ላይ አልተራገፈም። «ሁሉንም አየሽው?» አሉኝ። ሁሉንም አልኩ። «ውሃውስ?» አሉኝ። ውሃ አለ፣ ግን መጫወቻ ነው አልኩ።

ፊት ቆሙ። «ዛሬ ፋሲካ ነው፣ ልጆቻችሁን ታቅፋችሁ ተቀመጡ» አሉ። ከዚያ «ውሃ አለ» አሉ። እማማ ናምቢ ለፋሲካ ብለው ቀድመው ገብተው ነበር፣ ከአግዳሚው ተነሱ። ጃጃ «የጨዋታ ውሃ ነው» አሉ። እማማ ናምቢ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ በር ላይ ሆኜ አየሁ፣ ሲቀመጡ አየኋቸው።

የሆነውን ታውቃላችሁ። ጩኸቱን ሰምታችኋል። እማማ ናምቢ ወደ በሩ ሲሮጡ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ፣ አራት ወር በራችን ላይ ምድጃ አልነደደም። ሰው ሁሉ ጃጃ ላይ ጮኸ፣ «ታውሯል ሽማግሌው!» ያለም አለ፣ ማን እንዳለ አልናገርም፣ ራሱን ያውቃል። ሐጂ በሰው ፊት «ሙኪቢ፣ ይሄን አላየኸውም?» አሏቸው። ጃጃ «አላየሁትም» አሉ። እኔ እዚያው ነበርኩ። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ።  ስማቸው ሲጠፋ ትኬት ይዤ ቆሜ ነው ያየሁት።

ማታ ቤታቸው ሄጄ አለቀስኩ። አልተቆጡም። «ሰኞ ጠዋት ነይ፣ እንደገና እናየዋለን» አሉኝ። ሰኞ አጠገቤ ተቀመጡ። ጀልባው መጣ። ልጁ ቆመ። እጄ ወደ ዓይኔ ሄደ። እጄን አልያዙትም፣ አይዞሽም አላሉኝም፣ በሌላኛው እጄ ላይ እርሳሱን አስቀመጡልኝ። «ሃያ ስድስት ዓመት የኔም እጅ ይነሳል» አሉኝ። «አትከልክዪው፣ ይነሳ። የተነሳበትን ደቂቃ ግን ጻፊ። መጻፍ ያለበት እሱ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ጻፍኩ። ውሃ፣ ሕፃን፣ ሃምሳ ሁለት። ሁሉንም አየሁት። በጣም ከፋኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰዎች፣ እኛ ሃያ ስድስት ዓመት ቸርኬው ሲመታ ዓይናችንን ሸፍነናል። እኛ የሸፈንነውን ሁሉ አንድ ሰው ጠዋት ብቻውን፣ በባዶ ቤት፣ ሳይሸፍን አይቶታል። አንድም ሳይቀር። ያንን ሁሉ አይተው ወጥተው ደግሞ ልጆቻችንን ማንጎ ሥር ቆጥረዋል፣ ከሉዋንጋ ጋር ቀልደዋል። እሳቸው ናቸው ዓይናቸው ደከመ የተባሉት። ሐጂ፣ ጃጃ ሙኪቢ ዓይናቸው ደህና ነው። የዞረው የኔ ዓይን ነው።

እማማ ናምቢ፣ እርስዎን... ምን ብዬ ይቅርታ እንደምል አላውቅም። የተሰበረው እጅዎ በኔ ነው። በጃጃ ቃል ነው የተቀመጡት፣ ቃሉን ግን ለጃጃ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቢረግሙኝ እቀበላለሁ።

እ? ምን አሉኝ እማማ? አልሰማሁም፣ እናንተ ዝም በሉ እስኪ፣ እማማ እየተናገሩ ነው።

ልጁ? ፊልሙ ላይ ያለው ልጅ? አዎ፣ እርስዎ ሳያዩት ወጥተዋል... ወጣ ወይ ነው የሚሉኝ?

አልወጣም፣ እማማ። አላወጡትም። ማዕዱ ላይ ወንበሩ ባዶ ነበር።

...

«እንዲህ ንገሪኝ» አሉ። ሰምታችኋል? «ሁልጊዜ እንዲህ ንገሪኝ፣ በሰዓቱ ብቻ» አሉኝ።

እሺ እማማ። እሺ።

ይቅርታ፣ አፍንጫዬን ልጥረግ።

ሐጂ፣ የሰኞውን ነገር እርስዎ ይወስኑ፣ ምንም አልልም፣ የትኬቱን ቦርሳ እዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ... ምን አሉ? «ከናምቢ ጋር ማን ይከራከራል» ነው ያሉት? ይሄ እሺ ማለት ነው? ዋስዋ፣ ተርጉምልኝ፣ ይሄ እሺ ማለት ነው? እሺ ማለት ነው ይላል! ግን ሐጂ፣ የጃጃንም ነገር ይበሉት እንጂ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ነው ያሉት፣ ሰው ሁሉ ባለበት ያንሱት።

እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ። ሁላችሁም ሰማችሁ፣ «ሙኪቢ፣ ተሳስቼብሃለሁ» ብለዋል። ሐጂ ይሄንን ሲሉ ከዚህ በፊት የሰማ አለ? የለም። እኔም አልሰማሁም።

ጃጃ ግን ዛሬም ይሄዳሉ። ሐጂ ቆይ ቢሏቸው እንኳን አይቆዩም፣ ቅድም ጠይቄያቸዋለሁ። «ዓይኔ ደህና ነው፣ ጉልበቴ ነው እዚያ አግዳሚ ላይ የሰለቸው» ብለውኛል። ማሳካ የእህታቸው ሙዝ ተክል ያለ ሰው ቆሟል፣ እሱን ሊያዩ ነው። ይሂዱ፣ ግን ዓይኑ የደከመ ሰው ሆነው አይደለም፣ ስማቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።

አሁን ተነሱልኝ። የሙዝ ጠላ የያዛችሁም፣ ሶዳ የያዛችሁም፣ ሐጂ ሻይዎን ይዘው፣ ካሶዚ አንተም ተነስ፣ የሚያስፈራ ነገር የለም።

ጃጃ፣ ስላዩልን እናመሰግናለን። አይተውም ስላልከፉብን። ሙዙ ያፍራልዎት፣ ዝናቡ በሰዓቱ ይምጣልዎት፣ ጎረቤትዎ ደግ ይሁን፣ ጉልበትዎ ይበርታ። ሌሊት ሲተኙ ያዩት ሁሉ አይምጣብዎት፣ እዚህ ይቅር፣ ደብተሩ ላይ ይቅር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አስር ሰዓት ላይ ፊልም አለ። አዲስ ነው፣ ትላንት ነው የመጣው፣ እርስዎ አላዩትም። እኔ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እጄ ሁለት ጊዜ ተነስቷል፣ ሁለቱንም ጽፌዋለሁ፣ ፊት ቆሜ አነባለሁ። መሃል አግዳሚው ላይ ቦታ ይዘንልዎታል። የሚያስፈራው የት ጋ እንዳለ እነግርዎታለሁ። የሚያስቀው የት ጋ እንዳለ ግን አልነግርዎትም። ሃያ ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ብቻዎን ነው የሳቁት፣ እኛ ስንስቅ እርስዎ ቀድመው ያወቁት ነው። ዛሬ ከእኛ ጋር እኩል ይሳቁ።

ለጃጃ ሙኪቢ! ጠጡ!